ሽጉጥ አልጎርስ ሲል ሞረድ አታንሱ

ሰላም ወንድሜ። አብሽር፣ የገለጽከው ችግር አብዛኛውን ጊዜ ብዙ ወጪ ሳይጠይቅ የሚፈታ ነው።

ጥያቄውን ላላዩት በአጭሩ ልድገመው። ወንድማችን መርሳ ላይ የእህል ነጋዴ ነው። ፈቃድ ያወጣበት፣ በርካሽ የገዛው የቱርክ ስሪት 9 በ19 ሽጉጥ አለው (ቁጥሮቹ የጥይቱን ውፍረትና የቀለሁን ርዝመት በሚሊ ሜትር ገደማ ይናገራሉ)። በተፈቀደ መተኮሻ ቦታ ሲሞክረው የመጀመሪያዎቹ ጥይቶች ደህና ይወጣሉ። አራተኛው ወይም አምስተኛው ላይ የጥይቱ አፍንጫ ወደ ታች ይደፋና የላይኛው ብረት ግማሽ መንገድ ላይ ይቆማል። አንዱ መካሪ "የጥይቱን መግቢያ በሞረድ ሞርደው" አለው። ሌላው የካዝናውን፣ ማለትም ጥይቱ የሚደረደርበትን ሳጥን፣ ሞላ ቁረጠው አለው።

ሁለቱንም እንዳታደርግ። ከበርሜሉ ግርጌ ያለችው ተዳፋት ጥይቱን አቅጣጫ አስይዛ የምታስገባ ናት። አንዴ ከተሞረደች አትመለስም። ለእንዲህ ዓይነት ሽጉጥ ደግሞ መለወጫ በርሜል ከየት ታመጣለህ? በሠራዊት የመሣሪያ ጥገና ክፍል ረጅም ዓመት ሠርቻለሁ። አልጎርስ ብሎ ከሚመጣው ሽጉጥ የአብዛኛው ጥፋት የካዝናው ወይም የጥይቱ ነበር። ሽጉጡ ራሱ ተበላሽቶ ያገኘሁት ጥቂቱን ነው።

ከመንካትህ በፊት አራግፈው። መጀመሪያ ካዝናውን አውጣ። ቀጥሎ የላይኛውን ብረት ስበህ በርሜሉ ውስጥ ያለውን ጥይት አውጣ። በዓይንህ እይ፣ በትንሿ ጣትህም ዳስስ። ቅደም ተከተሉን የሚገለብጡ ሰዎች አሉ። ካዝናው ሳይወጣ ሲስቡት አንድ ጥይት ይወጣል፤ ብረቱ ሲመለስ ሌላ ያጎርሳል። ከዚያ ካዝናውን አውጥተው "ባዶ ነው" ይላሉ። ቤት ውስጥ ሰው የሚሞተው እንዲህ ነው። ጥይቱን ሌላ ክፍል አስቀምጠህ፣ ልጆችን አርቀህ ሥራ።

አሁን ወደ ካዝናው። ሁለት እንዳለህ ነግረኸናል፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው። 1 እና 2 ብለህ በቀለም ጻፍባቸው። ሽጉጡ የሚቆመው በአንዱ ካዝና ብቻ ከሆነ ፍለጋው አለቀ። በሁለቱም እኩል ከቆመ ጥይቱንና ሽጉጡን እናያለን።

ስንተኛው ጥይት ላይ እንደሚቆምም ልብ በል። ካዝናው ጢም ብሎ ሞልቶ የመጀመሪያው ላይ ከቆመ ተጨናንቋል፤ አንድ ጥይት ቀንሰህ ሙላ። የመጨረሻዎቹ ላይ ከቆመ ሞላው ደክሟል። የላይኛው ብረት ወደፊት ሲወረወር ደካማ ሞላ ጥይቱን በጊዜው ወደ ላይ አያደርስም። አፍንጫው ይደፋል፤ ወይም ብረቱ ዘሎት ያልፍና በርሜሉ ባዶ ይቀራል። ሞላውን መቁረጥ ይህን ያብሰዋል እንጂ አያሽለውም።

ያንተው ግን መሐል ላይ ነው የሚቆመው። ስለዚህ የካዝናውን ግድግዳ እጠረጥራለሁ። የርካሽ ሽጉጥ ካዝና ቆርቆሮው ስስ ነው። ድንጋይ ላይ ከወደቀ ይሰረጉዳል። ባዶውን ካዝና ያዝና ጥይቱን ከታች የሚገፋውን ሰሌዳ በእንጨት ቀስ እያልክ ወደ ውስጥ ተጫን፣ ቀስ እያልክም ልቀቅ። ሳይንገጫገጭ እኩል መመለስ አለበት። አንድ ቦታ ላይ ከያዘህ ችግሩን አገኘኸው። ቆሻሻ ሊሆንም ይችላል። የታችኛውን ክዳን ስትከፍት ሞላው ፊትህ ላይ እንዳይፈናጠር በአውራ ጣትህ ያዘው። ውስጡን በደረቅ ጨርቅ ጥረግ፤ ዘይት አትጨምርበት። ከላይ ጥይቱን አቅፈው የሚይዙትን ሁለት ከንፈሮችም ከሌላው ካዝና ጋር አስተያይ። ከተጣመሙ በፒንሳ ላቃና አትበል። አዲስ ካዝና ፈልግ።

ጥይቱን በተመለከተ አንድ ነገር ያሳስበኛል። የማካሮቭ፣ ማለትም የሶቪየቱ ሽጉጥ፣ ጥይት 9 በ18 ነው። ቀለሁ ካንተው በ1 ሚሊ ሜትር ገደማ ያጥራል፤ እርሳሱ፣ ማለትም ተተኩሶ የሚወጣው ጫፉ፣ ግን ይወፍራል። የሱ 9.27 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን ያንተው 9.01 ነው። በዓይን ሲያዩት ይመሳሰላሉ፣ አንድ ከረጢት ውስጥም ተደባልቀው ይገኛሉ። በሶቪየት ጥይት ግርጌ ላይ ብዙ ጊዜ የሚጻፈው የፋብሪካ ቁጥርና ዓመት ነው፤ መጠኑ አይጻፍም። ስለዚህ ጎን ለጎን አቁመህ ለይ። የሚያጠራጥርህ ካለ ሽጉጡን ፈትተህ በርሜሉን ለብቻው አውጣና ጥይቱን በእጅህ ጨምርበት። ሳይገፋ እስከ መጨረሻው መግባት፣ በርሜሉ ሲገለበጥም በራሱ መውደቅ አለበት።

ማታ አቀባብለህ ጠዋት የምታራግፍ ከሆነ ደግሞ ይህን ስማ። ያው ጥይት በየቀኑ ሲጎርስ እርሳሱ በተመታ ቁጥር ወደ ቀለሁ ይሰምጣል። ያጠረ ጥይት አገባቡ ይበላሻል። ከዚያ የከፋው ባሩዱ የሚነድበት ቦታ መጥበቡ ነው፤ ግፊቱ ከሚገባው በላይ ይጨምራል። ከአዲስ ጥይት ጎን አቁመው። ካጠረ አትተኩሰው።

ዘይት ላይ ብዙ አልልም። ከመርሳ እስከ ቆቦ ያለው አቧራ ዘይት የበዛበት ብረት ላይ ይለጠፋል። ጠብታ ዘይት የላይኛው ብረት በሚንሸራተትበት መስመር ላይ ይበቃል። የምግብ ዘይት የሚቀቡ አይቻለሁ፤ ሲከርም እንደ ሙጫ ይይዛል። በላምባ አጥበህ አድርቀው። ላምባም ዘይትም ጥይቱን እንዳይነካ፤ ግርጌው ላይ ወዳለው መለኮሻ ከገባ ጥይቱ ሊከሽፍ ይችላል። ከደሴ ብርድ ወደ ባቲ ሙቀት ይዘኸው ከወረድክ ብረቱ ላብ ያወጣልና ወዲያው ጥረገው፤ ዝገት ከዚያ ይጀምራል።

አያያዝህንም እይ። ቀላል ሽጉጥ የላላ እጅ አይወድም። አንጓህ ከላላ የላይኛው ብረት እስከ ኋላ ድረስ አይሄድም። ቀጣዩን ጥይት በደንብ አይዝም፣ ባዶ ቀለህም መውጫው ላይ ቀጥ ብሎ ይቀረቀራል። በጠነከረ እጅ ሌላ ሰው ሲተኩሰው የማይቆም ከሆነ ካዝናው ላይ ጊዜ አታጥፋ።

ካሁን በኋላ ስትሞክረው ድምፁ ያነሰ፣ "ቱስ" ያለ ተኩስ ከሰማህ እዚያው አቁም። እርሳሱ በርሜሉ ውስጥ ቀርቶ ይሆናል። ሌላ ጥይት ከኋላው ከላክህ በርሜሉ እጅህ ላይ ሊፈነዳ ይችላል። ቃታ ስበህ ዝም ካለም አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት እንዳዞርክ ግማሽ ደቂቃ ጠብቅ።

ሌላም አለ። ለድምፅ ብቻ ተሠርተው በኋላ በርሜላቸው ተቀይሮ የሚሸጡ ሽጉጦች አሉ። አካላቸው ደካማ ቅይጥ ብረት ስለሆነ እውነተኛ ጥይት አይችሉም። ያንተው ከነዚህ አለመሆኑን ፈቃድ ላለው የመሣሪያ ጠጋኝ አሳይ። ከሆነ ምንም ጥገና አያድነውም፤ ለፖሊስ አስረክብ።

ካዝናዎቹን ለያይተህ ከሞከርክ በኋላ በየትኛው ቁጥር፣ ስንተኛው ጥይት ላይ እንደቆመ ንገረኝ። የቆመውን ጥይት አፍንጫ ምልክትም እይ፤ ከታች ነው ወይስ ከጎን የተጫረው?