ጅግራ የሚውልበት ጫካ

ጥያቄ፦ ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ በሚወስደው መንገድ ዳር የቤተሰብ መሬት አለን። ግማሹ ባሕር ዛፍ ነው፤ ግማሹ አጋምና ብሳና የበዛበት ቁጥቋጦ። ዱሮ ጅግራም ቆቅም ይውልበት ነበር፤ አሁን ጠዋት ጠዋት የሚሰማው ቆቅ ብቻ ነው። ጫካው ለእነዚህ ወፎች መመቸቱ በምን ይታወቃል?
አንባቢያችሁ፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦ ሰው ጫካ ሲገመግም ቀና ብሎ ዛፍ ይቆጥራል። ጅግራና ቆቅ ቀኑን የሚውሉት ግን ከጉልበት በታች ነውና ጎንበስ ብለው ይጀምሩ። ባለ 5 ሊትር ጀሪካን መሬት ላይ ያስቀምጡና 15 እርምጃ ያህል ርቀው ይዩት። ሙሉ በሙሉ ከታየዎት ሸለምጥማጥም ጭልፊትም ወፏን እንደዚያው ያያታል። ጨርሶ ካልታየዎት ተጠግተው እጅዎን በሣሩ ሥር ይስደዱ። ሥሩ ክፍት ከሆነ መልካም፤ ተጠላልፎ ከያዘዎት ጫጩት አያልፍበትም። ጫጩቶች በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በዋናነት የሚበሉት ነፍሳት ነው፤ ጤዛ ባዘለ ጥቅጥቅ ሣር ውስጥ ከገቡ ደግሞ ርሰው በብርድ ያልቃሉ። የሚፈለገው ፀሐይ የሚገባበት፣ ሰንበሌጡ እዚህም እዚያም ቆሞ በመካከሉ ባዶ አፈር ያለው ቦታ ነው።

ይህን ፍተሻ በመጋቢትና በሚያዝያ ያድርጉት። በመስከረም የማያምር መሬት የለም።

ከባሕር ዛፉ ብዙ አይጠብቁ፤ ቅጠሉ በተነጠፈበት መሬት ላይ ዘር የሚሰጥ ሣርና አረም እምብዛም አይበቅልም። አጋሙን ግን አይመንጥሩ፤ እሾሁ መሸሸጊያ፣ ፍሬው ምግብ ነው።

ጅግራዋ ለብቻዋ ከጠፋች መጀመሪያ የምንጠረጥረው ማደሪያዋን ነው። ሲመሽ ዛፍ ላይ ትወጣለች፤ የምትፈልገውም እንደ ዋንዛ፣ ሾላና ዋርካ ያለ ሰፊ ቅርንጫፍ ነው። ዋንዛው ለጣውላ ተቆርጦ ከሆነ ቁጥቋጦው ቢተርፍም አታድርበትም። በቅርብ ውኃና የምትለቅምበት ገላጣ መሬትም ያስፈልጋታል፤ የዳጉሳ ቃርሚያ ይበቃታል። ጎረቤት ጫት ላይ ፀረ ተባይ የሚረጭ ከሆነ ነፍሳቱ ስለሚያልቁ ጫጩቶቹ ይራባሉ።

ለንጽጽር ዘጌን ይዩ። በልማድ ማረስም ከብት ማርባትም የተከለከለበት ስለሆነ ዛፉ ያስቀናል፤ ቡናው ሥር ግን አረሙ እየታረመ መሬቱ ገላጣ ይሆናል። ማደሪያ ሞልቷል፣ መሸሸጊያ ግን ያንሳል።

የጅግራ ጎጆ በሣር ውስጥ የተጫረ ጉድጓድ ነው፤ ከ6 እስከ 12 እንቁላል ጥላ ከ26 እስከ 28 ቀን ትታቀፋለች። በዚህ ጊዜ ከብት ከገባ ወይም ሣሩ ከታጨደ እንቁላሉ ይሰበራል፣ አለዚያም ጥላው ትሄዳለች። ስለዚህ ከቁጥቋጦው ዳር ጥቂት እርምጃ ስፋት ያለው ሣር ሳይታጨድ ይቆይ።

ተመልሳ እንደሆነ ለማወቅ የተጫረ አፈር፣ በአቧራ የምትታጠብባቸውን ክብ ጎድጓዳ ቦታዎችና ነጭ ነጠብጣብ ያለበት ጥቁር ግራጫ ላባ ይፈልጉ። ኩሷ ዛፍ ሥር ተከማችቶ ካገኙ ማደሪያዋ እዚያው ነው፤ ያን ዛፍ አይቁረጡት።