በካርዱ ስም አትሸወዱ

በትንሽ ገንዘብ የጌም ኮምፒውተር ለመገጣጠም የምታስቡ ልጆች፣ ሁሌም የምትጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፤ «የቱ ግራፊክስ ካርድ (የጌሙን ምስል የሚስለው ክፍል) ይሻላል?» እኔም መልሼ እጠይቃለሁ። ሞኒተራችሁ ምን ዓይነት ነው? ለኮምፒውተሩ ኃይል የሚሰጠው ፓወር ሰፕላያችሁስ ስንት ዋት ነው? እዚህ ላይ ብዙዎቻችሁ ዝም ትላላችሁ።

ሞኒተሩ 1080ፒ ከሆነ ካርዱ ለእያንዳንዱ ፍሬም፣ ማለትም ለእያንዳንዱ ምስል፣ የሚስለው 2 ሚሊዮን ገደማ ፒክሰል (ነጥብ) ነው። 1440ፒ ሲሆን ወደ 3.7 ሚሊዮን ይደርሳል። እጥፍ ሊሆን ትንሽ ነው የቀረው። ስለዚህ 60 ኸርዝ የሆነ 1080ፒ ሞኒተር ይዞ ውድ ካርድ መግዛት ገንዘብ መበተን ነው። ካርዱ በሴኮንድ 140 ፍሬም ቢያወጣም ስክሪኑ የሚታደሰው 60 ጊዜ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ስሙ ልምጣ። ኢንቪዲያ በ2016 ያወጣው ጂቲኤክስ 1060 ባለ 3 እና ባለ 6 ጊጋባይት ነበር። ሰው ልዩነቱ ሚሞሪው ላይ ብቻ ይመስለዋል። ባለ 3ቱ ግን ስሌቱን የሚሠሩት ኮሮቹም ያንሳሉ፤ 1152 ናቸው፣ የባለ 6ቱ 1280። አርቲኤክስ 3060ም እንደዚያው ነው። መጀመሪያ የወጣው 12 ጊጋባይት ሚሞሪና 192 ቢት ባስ (ዳታ ከሚሞሪው የሚመላለስበት መንገድ) አለው። በኋላ የመጣው ባለ 8 ጊጋባይቱ ባሱ 128 ቢት ነው። ሁለቱም ሣጥን ላይ 3060 ነው የሚለው። ዋሹ አይባልም መቼም፣ ግን የሚያስመሰግን ሥራም አይደለም።

ሚሞሪ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ነው። የካርዱ ሚሞሪ ሲያልቅ ጨዋታው ብዙ ጊዜ አይዘጋም። መጀመሪያ ሽው እያለ ይሄዳል። ሰፋ ያለ ቦታ ስትገቡ ግን የግድግዳው ምስል ደብዝዞ ይቀራል፤ ስትዞሩ ደግሞ ስክሪኑ ቀጥ ይላል፣ ከዚያ እንደገና ይነሣል። አማካይ ፍሬሙን ብታዩት ምንም አይመስልም። ነገሩ ወዲህ ነው፤ ቦታ ያጣው ዳታ ወደ ኮምፒውተሩ ራም ተሻግሮ በማዘርቦርዱ በኩል ይመላለሳል። ለምሳሌ አርቲኤክስ 4060 ከራሱ ሚሞሪ ጋር በሴኮንድ 272 ጊጋባይት ይለዋወጣል። በማዘርቦርዱ በኩል ያለው መንገድ ግን 16 ጊጋባይት ገደማ ነው። በዚህ ምክንያት በ4 ጊጋባይት ካርድ አዳዲስ ጌም ለመጫወት አታስቡ። ለ1080ፒ 8 ይበቃል፤ ለዓመታት ሳልቀይረው ልቆይ ካላችሁ 12 ይሻላል።

የኢንቴል አርክ ቢ580 12 ጊጋባይት ስላለው ዓይን ይስባል፤ እኔም እወደዋለሁ። ነገር ግን ፕሮሰሰሩ የካርዱን ሚሞሪ በሙሉ በአንዴ እንዲያገኝ የሚያደርገው ሪሳይዘብል ባር የሚባለው ነገር ባዮስ (ኮምፒውተሩን የሚያስነሣው የማዘርቦርዱ ሶፍትዌር) ውስጥ ካልበራ ጉልበቱ በጣም ይወርዳል። ማዘርቦርዳችሁ አሮጌ ከሆነና ይህን ካልደገፈ ሌላ ካርድ ፈልጉ።

ፓወር ሰፕላይ ላይ አትሰስቱ። አርቲኤክስ 4060 115 ዋት፣ የኤኤምዲው አርኤክስ 6600 132፣ ቢ580 ደግሞ 190 ዋት ይፈልጋሉ። ማዘርቦርዱ በስሎቱ በኩል የሚሰጠው እስከ 75 ዋት ብቻ ነው፤ የቀረው በኬብል ይመጣል። ሲያነሡት ላባ የሚያህል ፓወር ሰፕላይ ላይ «600 ዋት» ተጽፎ ካያችሁ አትመኑት።

አሁን ያላችሁ ካርድ የደከመ ከመሰላችሁ ደግሞ ከመቀየራችሁ በፊት ይህን ሞክሩ። የጌሙን ሪዞሉሽን (የፒክሰሉን ብዛት) ዝቅ አድርጉ። ፍሬሙ ካልጨመረ ጣጣው ከካርዱ ሳይሆን ምናልባት ከፕሮሰሰሩ ነው።

ያገለገለ ካርድ መግዛት አያሳፍርም። ኢተሪየም የሚባለው ዲጂታል ገንዘብ በመስከረም 2022 በካርድ ማይን መደረጉ (በካርድ ስሌት መመረቱ) ሲቀር ብዙ ካርድ ገበያ ላይ ወጥቷል። ማይን ሲያደርግ የኖረ ካርድ ያን ያህል አያስፈራኝም፤ ፋኑም ሙቀት የሚያስተላልፈው ፔስቱም ይቀየራል። የሚያስፈራኝ የካርዱ የራሱ ባዮስ ተቀይሮ የሌላ ካርድ ስም የተሰጠው ነው። ጂፒዩ-ዚ የምትባለዋን ነፃ ፕሮግራም ክፈቱና የቺፑን ስም፣ የኮሩን ብዛትና የባሱን ስፋት አምራቹ ካወጣው ዝርዝር ጋር አስተያዩ። ከዚያ ከባድ ጌም ከፍታችሁ ግማሽ ሰዓት ያህል ሙቀቱን ተከታተሉ። ሻጩ «መሞከር አይቻልም» ካለ፣ የቱንም ያህል ቢቀንስላችሁ ተነሥታችሁ ሂዱ።