«ዲቪ ደርሶሃል» የሚል ኢሜይል መጥቶ ነበር፤ ብሩን እንላክ?

ጥያቄ፦ ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ። ታናሽ ወንድሜ እዚሁ ሐዋሳ፣ ፒያሳ አካባቢ ካለ ኢንተርኔት ቤት ዲቪ ሞልቶ ነበር። አሁን ከአሜሪካ ኤምባሲ የመጣ የሚመስል ኢሜይል ደረሰው። ንስሩም ማኅተሙም አለው፣ የወንድሜ ስም እስከነአያቱ ተጽፏል። «በ48 ሰዓት ውስጥ ክፍያውን ካላኩ ዕድሉ ለሌላ ሰው ይተላለፋል» ይላል። እናታችን የዕቁብ ብሯን ልታወጣ ተነስታለች። እኔ ግን ልቤ አልተቀበለውም። ምን ትመክሩናላችሁ?
መ. ከሐዋሳ

መልስ፦ እህቴ፣ ልብሽ ልክ ነው። አምስት ሳንቲም እንዳትልኩ!

የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ለማንም «ዲቪ ደርሶሃል» ብሎ ኢሜይል አይልክም። አመልካቹ ራሱ ነው በዲቪው ድረ ገጽ ገብቶ፣ ሲሞላ የተሰጠውን ኮንፈርሜሽን ቁጥር አስገብቶ ውጤቱን የሚያየው። የቪዛው ክፍያም በቃለ መጠይቁ ጊዜ እዚያው ኤምባሲ ይከፈላል እንጂ በሐዋላ ለማንም አይላክም።

ንስሩ አያስደንግጥሽ፣ ማንም ከኢንተርኔት ገልብጦ ይለጥፈዋል። «ዩኤስ ኤምባሲ» የሚለውንም የላኪ ስም አጭበርባሪው ራሱ ደስ እንዳለው ነው የጻፈው። ስሙን ነካ አድርጊው፣ አድራሻው ይወጣል። የአሜሪካ መንግሥት አድራሻ በ«ነጥብ ገቭ» (.gov) ያበቃል። ያበቃል ነው ያልኩሽ፤ መሐል ላይ «ገቭ» ሰንቅሮ መጨረሻው «ነጥብ ኮም» የሆነ ሞልቷል። ደግሞ አድራሻው ትክክል ቢመስልም ብር ከጠየቀ ያው ነው፣ የላኪ አድራሻም ይጭበረበራል።

የወንድምሽን ስም ከየት አመጡት? እኔን የሚያሳስበኝ ይሄ ነው። ብዙ ቦታ የአመልካቹን የኢሜይል አካውንት የሚከፍተው ኢንተርኔት ቤቱ ነው፣ ፓስወርዱን ያውቀዋል፣ ኮንፈርሜሽን ቁጥሩ ያለበት ወረቀትም አንዳንዴ እሱ ጋ ይቀራል። የኢንተርኔት ቤቱን ልጅ ሌባ ማለቴ አይደለም፤ ግን የስንቱ ሰው መረጃ አንድ ኮምፒውተር ላይ ተከምሮ እንደሚውል አስቢው። ስለዚህ ወንድምሽ ዛሬውኑ ፓስወርዱን ይቀይር፣ ለመጠባበቂያ የተመዘገበው ስልክ የማን እንደሆነ ይይ (የኢንተርኔት ቤቱ ሆኖ ቢያገኘው አይገርመኝም)፣ ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫውንም (ከፓስወርዱ ሌላ ሁለተኛ ማረጋገጫ የሚጠይቀውን) ያብራ። ወረቀቱንም ሄዶ ይቀበል።

የባንክ ስም ለጥፈው «ሂሳብዎ ሊዘጋ ነው» የሚሉትም ዘዴያቸው አንድ ነው። ሊንኩን አትንኪ፣ አፑን ራስሽ ክፈቺ ወይ ቅርንጫፍ ሂጂ።

ለኢሜይሉ መልስ አትስጡ፣ ለመሳደብም ቢሆን፤ አድራሻው የሚሠራ መሆኑን ያውቁባችኋል። ጂሜይል ከሆነ ሦስቱን ነጥቦች ተጭናችሁ አጭበርባሪ መሆኑን ጠቁሙና አጥፉት። እናትሽ ካላመነች ደግሞ ኮንፈርሜሽን ቁጥሩን አስገብታችሁ ውጤቱን አብራችሁ እዩት። ቁጥሩ ቢጠፋም እዚያው ድረ ገጽ ላይ በስሙ፣ በልደት ቀኑና ሲሞላ በተጠቀመበት ኢሜይል መልሶ ማግኘት ይችላል።