ሰው ሲያፈጥባችሁ

ልጆች፣ እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ባሕር ዳር ገበያው አጠገብ ስፌት መኪናዬ ላይ ከተቀመጥኩ አርባ ዓመት አልፎኛል። ስለ ፖለቲካ ብትጠይቁኝ ዝም እላለሁ። ሰው ሰውን በልብሱ እንዴት እንደሚያየው ግን ትንሽ የማውቀው አለ። ለየት ያለ ልብስ ለብሳችሁ ስትወጡ ሰው ለምን እንደሚያፈጥባችሁ፣ ምን እንደሚበጃችሁም ልንገራችሁ።

ይህን ያስጻፈኝ አንድ ተማሪ ነው። ክረምት ላይ ቡሉኮ ተሸክሞ መጣ። የአያቱ ነው፤ ጭስ ጭስ ይሸታል። «ጋሼ፣ ከዚህ ካፖርት ይስፉልኝ» አለኝ። የቀለደ መሰለኝ። ቡሉኮ የብርድ ሌሊት ልብስ ነው፤ ኮሌታና ኪስ ይወጣለታል ብሎ ማን ያስባል? ተቀበልኩት፣ ግን ቀጠሮውን ሁለት ጊዜ አራዘምኩበት። እውነቱን ልንገራችሁ፤ አፍሬ ነው። ደንበኛ በገባ ቁጥር ሥራውን ጠረጴዛ ሥር እከተው ነበር። በ14 ቁጥር መርፌ ጀምሬ ሦስቱን ሰበርኩ።

ሲለብሰው አማረበት። ትከሻው ላይ ልክ ቁጭ አለ። እንደዚያም ሆኖ «በጓሮ በኩል ውጣ» ልለው ምንም አልቀረኝም።

በር ላይ ቆሜ ሸኘሁት። የባጃጅ ልጆች ሙድ ለመያዝ ማን ይቀድማቸዋል! አንዱ «ቡሉኮው! አልጋውን የት ጣልከው?» አለ። ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ልጁ ራሱ ሳቀና «ጠዋት አንጥፌ ነው የወጣሁት» ብሎ መለሰ። ቀጥሎ አረንጓዴ ቁምጣ የታጠቀ፣ ዱላውን ትከሻው ላይ ያጋደመ ባላገር ጠጋ አለው። ልጁ ትንሽ ሸሸት አለ፤ ሊቆጣው የመጣ መስሎታል። ሰውየው የካፖርቱን ጫፍ በሁለት ጣቱ ይዞ ገለበጠ። ስፌቱን አየ። ገበሩን ዳበስ ዳበስ አደረገ። «ማን ሰፋው?» አለ።

ያ ባላገር አዲስ አበባ መሐል ፒያሳ ላይ በዚያ ቁምጣ ቢያልፍ ስንት ሰው ዞሮ ያየው ነበር? እዚህ ጎጃም ግን ማንም አያየውም። ለምደነዋላ።

ዓይን ያልለመደውን ነው የሚከተል። ብዙውን ጊዜ ነገሩ ከዚህ አያልፍም። በተለይ እኛ አገር ልብስ ይናገራል። ነጠላ የለበሰች ሴት ብታዩ ጥለቱ ወደ አንገቷ ከሆነ ሐዘን ላይ ናት፤ ሳትጠይቋት ታውቃላችሁ። መስቀለኛ ካጣፋችው ወደ ቤተ ክርስቲያን ናት። ሰው እንዲህ ማንበብ ስለለመደ ነው የናንተን ልብስ ሲያይ የሚደናገረው። ማንበብ ሲያቅተው ይገምታል። ግምቱ ደግሞ ሁልጊዜ ወደ ክፉው ያደላል። ጸጉሩን የጎነጎነ ባሕታዊ ሲያልፍ ተነሥተን መስቀል እንሳለማለን። ያው ጸጉር የሃያ ዓመት ልጅ ራስ ላይ ሲሆን «ዱርዬ» ነው። ሱቄ ፊት አንዲት ልጅ ክንዷን ተነቅሳ ስታልፍ «ምን ጉድ ነው!» ያሉ እናት ነበሩ። የእሳቸው አንገት ከላይ እስከ ታች ንቅሳት ነው። ነገርኳቸው፤ «የኔማ ጌጥ ነው» አሉኝ።

ደግሞ የሚቆጣው ሽማግሌ ብቻ አይምሰላችሁ። በመጋቢት 1960 ዓ.ም. በያኔው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የፋሽን ትርኢት ሲዘጋጅ «የባዕድ ባህል ነው» ብለው የተነሡት ራሳቸው ተማሪዎቹ ነበሩ። ብዙም ሳይቆይ እኛ ጎፈሬያችንን አበጥረን፣ ከታች የሚሰፋውን ሱሪ፣ ቤልቦተም ለብሰን በየመንገዱ ሞላን። እናቴ ሱሪዬን አይታ «ጥሩ ነው፣ ደጁን ጠርገህልኝ ግባ» ትለኝ ነበር። ዛሬ ያንን ሱሪ ልጆች ፎቶ ይዘው መጥተው ያሰፉኛል። ሞዴሉን ከየት አገኘኸው ይሉኛል!

ይህ ሁሉ ግን ለሴት ልጅ እንዳለ አይሠራም። እዚህ ላይ ተሳስቼ አውቃለሁ። ሱቄ ውስጥ ሙያ የምትለማመድ ልጅ ነበረች። ከተማችን ሜዳ ስለሆነ በብስክሌት ነበር የምትመላለሰው፤ በሱሪ። ማታ ማታ ሐይቁ ዳር በሚወስደው መንገድ የሚለክፏት ልጆች ነበሩ። ስትነግረኝ «ረዘም ያለ ቀሚስ ልበሽ» አልኳት። እሺ ብላ ለበሰች። ብስክሌቱንም ተወች። በሳምንቱ «ጋሼ፣ ያው ልጆች፣ ያው ቃል» አለችኝ። ነገሩ ከሱሪው አልነበረም ማለት ነው። እኔ ግን ያለ ጥፋቷ ብስክሌቷን አስቀማኋት። ከዚያ በኋላ ምን አደረግን? በዚያ መንገድ ሱቅ ያላቸውን ሰዎች አነጋገርኩ። ልጆቹን በስም ያውቋቸው ኖሯል! ሲጠሯቸውና የማን ልጅ መሆናቸውን ሲያነሡባቸው ጊዜ ተዉ። እንግዲህ ማየት ሌላ፣ መልከፍ ሌላ ነው። እጅ ከመጣ ደግሞ ጩኺ፣ ሰው ጥሪ፣ ለፖሊስ ተናገሪ። አንቺን «ምን ለብሰሽ ነበር» ብሎ የሚጠይቅ ካለ መልስ አትስጪው።

የቤት ሕግ ያለበት ቦታ አለ፣ እሱን ከመንገድ አትቀላቅሉት። ዘጌ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ገዳም ስትሄዱ ጫማ ታወልቃላችሁ፤ ሴቶች ነጠላ ትደርባላችሁ። ቅድድ ጂንስ ለብሳችሁ ጀልባ ከወጣችሁ ቦርሳ ውስጥ አንድ ነጠላ ያዙ። የሰው ቤት ነው። አስፋልቱ ግን የማንም ሳሎን አይደለም፤ እንደፈለጋችሁ እለፉበት።

ስታልፉ ታዲያ ሰላምታ ቅደሙ። ይህን የተማርኩት ከባለ ቡሉኮው ነው። አንገቱን ደፍቶ፣ ጆሮው ላይ የሙዚቃ ገመድ ሰክቶ የሚያልፍ ሰው ላይ መሳቅ ቀላል ነው። «እንደምን ዋላችሁ» ያለ ሰው ላይ ግን አፍ ይከብዳል፤ የሚስቀው ሰው መጀመሪያ «እግዚአብሔር ይመስገን» ብሎ መመለስ አለበት። ልጁ በዚያው መንገድ፣ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ካፖርት ተመላለሰ። አሥር ቀን አልሞላም፣ ባጃጆቹ ማፍጠጡን ተዉት። አሁን ስሙ «ቡሉኮ» ነው። ዝናብ ሲሆን «ቡሉኮ፣ ግባ!» ብለው በነፃ ያደርሱታል። ስሙን ይወደው አይወደው አልጠየቅኩትም።

ሁሉም እንደሱ ተጫዋች አይደለም፣ አውቃለሁ። ዓይን የሚከብደው ሰው አለ። እንደዚያ ከሆናችሁ መጀመሪያ ከጓደኛ ጋር ውጡ። ቀለል ባለ ነገር ጀምሩ፤ አንድ ኮፍያ፣ አንድ ስካርፍ። ደግሞ አንድ ቀን ደክሟችሁ ተራ ሸሚዝ ለብሳችሁ ብትወጡ ፈሪ አትባሉም። እኔ ራሴ ቤልቦተሜን ለቅሶ ቤት ለብሼ አልሄድኩም።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ቡሉኮ መጥቶልኛል፤ አንዱ የዚያ ባላገር ነው። ኮት አይደለም ያለኝ፤ ለልጁ ጃኬት ነው። ሥራውን አሁን ጠረጴዛዬ ላይ፣ መስኮቱ ፊት ነው የምዘረጋው። የምታመጡ ካላችሁ ታጥቦ በደንብ የደረቀ ይሁን። መርፌውን ግን እናንተ ይዛችሁ ኑ፤ ወፍራሙ 18 ቁጥር ነው የሚችለው።