«ቀጭን ነኝ፣ ጿሚም ነኝ» አትበሉ

ልጆቼ፣ በውስጥ ደዌ ሕክምና ረጅም ዘመን ሠርቻለሁ። አንድ ነገር ግን ዛሬም ያሳስበኛል። አንድን ወጣት «ኮሌስትሮልህን ተመርመር» ስለው፣ «ኧረ ዶክተር፣ እኔ ቀጭን ነኝ፤ ደግሞ ጿሚ ነኝ» ይለኛል። ነገሩ የጮማና የቅቤ ጉዳይ ብቻ ይመስለዋል።

አመጋገብ ለውጥ ያመጣል፤ እሱን አልክድም። ግን አብዛኛውን ኮሌስትሮል የሚሠራው የራሳችን ሰውነት ነው። በደም ውስጥ የሚገኘውን መጠን ደግሞ የሚወስነው የሚገባው ብቻ ሳይሆን የሚወጣውም ጭምር ነው።

ኮሌስትሮል የስብ ዓይነት ነው፤ ስብ ደግሞ ከውሃ ጋር አይዋሃድም። ስለዚህ ኮሌስትሮል በደም ውስጥ የሚጓዘው ፕሮቲን ባላቸው ጥቃቅን ቅንጣቶች ተጭኖ ነው። «መጥፎው» የምንለው ኤልዲኤል አንዱ ነው። በጉበት ሕዋሳት ገጽ ላይ ይህን ቅንጣት ለይተው የሚይዙ ተቀባዮች አሉ። ተቀባዩ ኤልዲኤሉን ሲይዝ የሕዋሱ ገጽ እዚያው ላይ ይሰረጉድና ሁለቱንም ጠቅልሎ ወደ ውስጥ ያስገባቸዋል። ውስጥ ያለው አሲድ ያላቅቃቸዋል። ኤልዲኤሉ ይፈጫል። ተቀባዩ ግን ሰው አውርዶ ወደ ፌርማታው እንደሚመለስ ታክሲ ወደ ገጹ ይመለሳል። አንዱ ዙር 10 ደቂቃ ያህል ነው። ስንት ዓመት አስተምሬው እንኳ ዛሬም ይደንቀኛል!

ይህን የደረሱበት ዳላስ፣ ቴክሳስ ይሠሩ የነበሩት ማይክል ብራውንና ጆሴፍ ጎልድስቲን ናቸው፤ በ1985 እ.ኤ.አ. ኖቤል ተሸልመውበታል። መነሻቸው ገና በልጅነታቸው ሀርት አታክ የሚይዛቸው ሕፃናት ነበሩ። የልጆቹ ሕዋስ ሲመረመር ተቀባዩ የለም፣ ወይም በወጉ አይሠራም። ከእናትም ከአባትም የተበላሸ ጂን የወረሱ ናቸው።

እንዲህ ያሉት በጣም ጥቂት ናቸው። ከአንድ ወላጅ ብቻ የወረሰው ግን ከ250 እስከ 300 ሰው መካከል አንድ ያህል ይገኛል። ከተቀባዮቹ በደንብ የሚሠራለት ግማሹ ነው። ምንም አያመውም፤ ኳሱን ይጫወታል። ኤልዲኤሉ ግን ከተወለደ ጀምሮ ከፍ እንዳለ የደም ሥሩን እያጠበበ ይሄዳል።

ኮሌስትሮሉ ጅማት ላይም ሊከማች ይችላል። እስቲ ከተረከዛችሁ በላይ ያለውን ጅማት በሁለት ጣት ያዙት። ወፍሮና ጓጉሎ ካገኛችሁት ለሐኪም አሳዩ። ጅማቱ ደህና ነው ብላችሁም አትዘናጉ፤ ብዙዎች ምልክት የላቸውም። አባት ወይም ወንድም ከ55 ዓመት በፊት፣ እናት ወይም እህት ከ60 በፊት ሀርት አታክ ይዟቸው ከሆነ ተመርመሩ።

ስታቲን የታዘዘላችሁ ደግሞ ስሙኝ። መድኃኒቱ ጉበት ኮሌስትሮል እንዳይሠራ ይገታዋል። ጉበቱም ሲያጥረው ተቀባዮቹን ያበዛና ከደም ይስባል። የደም ምርመራ ውጤታችሁ የተስተካከለው መድኃኒቱ እየሠራ ስለሆነ ነው። «ድኛለሁ» ብላችሁ ካቆማችሁት ኤልዲኤሉ በሳምንታት ውስጥ ተመልሶ ይወጣል። እርግዝና ያሰባችሁ ሴቶች ግን አስቀድማችሁ ሐኪማችሁን አማክሩ።

ይህ የሚወረሰው ችግር እናንተ ላይ ከተገኘ እህት ወንድሞቻችሁንም ይዛችሁ ሂዱ። እያንዳንዳቸው የመውረሳቸው ዕድል ግማሽ በግማሽ ነው።