ከጥገኝነት በኋላ ግሪን ካርድ ሲዘገይ መንግሥትን መክሰስ ይጠቅማል ወይ?

ውድ እህታችን፣ አሜሪካ ውስጥ ጥገኝነት ከተፈቀደልዎ ዓመት ሲሞላ አይ 485 የሚባለውን የግሪን ካርድ ማመልከቻ አስገብተው፣ አሻራ ሰጥተው፣ ከዚያ ወዲህ ከሁለት ዓመት በላይ ያለ መልስ መቆየትዎን ገልጸው፣ ባለቤትዎና ልጅዎ አዲስ አበባ ሆነው ስለሚጠብቁዎት ጠበቃ ቀጥሮ መክሰሱ ያዋጣ እንደሆነ ጠይቀዋል። እኔም እዚሁ ቨርጂኒያ በዚሁ መንገድ ስላለፍሁ የማውቀውን ልጻፍልዎ።

ከክሱ በፊት ግን የቤተሰብዎ ጉዳይ ይቀድማል። «ካርዱ ሲመጣ አመጣቸዋለሁ» ብለዋል፤ ጥገኝነት ያገኘ ሰው ግን ከመፈቀዱ በፊት የመሠረተውን ትዳርና ልጆቹን ለማምጣት ግሪን ካርድ መጠበቅ የለበትም። አይ 730 የሚባለው ማመልከቻ ጥገኝነቱ ከተፈቀደበት ቀን ጀምሮ በሁለት ዓመት ውስጥ ይገባል፤ የማመልከቻ ክፍያም የለውም። አስገብተው እንደሆነ አልጻፉም። ካላስገቡ ጊዜው ያለፈ ይመስላል፤ ይሁንና በሰብዓዊ ምክንያት እንዲራዘም መጠየቅ ስለሚቻል፣ የዘገዩበትን ምክንያት ከነማስረጃው አዘጋጅተው በቶሎ ጠበቃ ያማክሩ። ይህን ባለማወቅ ብቻ ከልጆቻቸው ተለይተው ዓመታት ያሳለፉ ወገኖቻችንን ማየት እጅግ ያሳዝነኛል።

ብስጭትዎ ተገቢ ነው። ሕጉን ጠብቆ ያመለከተ ሰው በመዘግየቱ የሚያጣው ነገር አለና። ካርዱ ሲፈቀድ፣ ነዋሪነቱ ከውሳኔው ቀን አንድ ዓመት ወደ ኋላ ተቆጥሮ ይጻፋል፤ ለዜግነት የሚያስፈልገው አምስት ዓመትም ከዚያ ቀን ይጀምራል። ስለዚህ ማመልከቻው ሦስት ዓመት ቢወስድ ሁለቱ ዓመታት ለዜግነት አይቆጠሩም። የመሥራት መብትዎ ግን ከጥገኝነቱ የሚመነጭ በመሆኑ በካርዱ መዘግየት አይነካም፤ ቀጣሪ ይህን ካልተረዳ ገደብ የሌለበትን የሶሻል ሴኩሪቲ ካርድዎን ከመታወቂያዎ ጋር ያቅርቡ።

የመዘግየቱ ምክንያት ከሰው ሰው ይለያያል፤ ከመክሰስዎ በፊት ማወቅ ያለብዎትም ይህንኑ ነው። አንዳንዱ ፋይል ወረፋ ብቻ ይዞት ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ ላይ ደግሞ ጥገኝነት ያገኙ ሰዎች የግሪን ካርድ ውሳኔ ለተጨማሪ ማጣሪያ ለጊዜው እንዲቆም ተደርጎ ነበር። በእኛ ማኅበረሰብ ዘንድ አሳሳቢው ግን ሌላ ነው። በጥገኝነት ማመልከቻቸው ላይ መሣሪያ ላነሣ ድርጅት መዋጮ መክፈላቸውን ወይም ታጋዮችን ማብላታቸውን የጻፉ ሰዎች አሉ። እ.ኤ.አ. በ2001 እና በ2005 የወጡት ሕጎች ሽብርን የተመለከተውን ክልከላ እጅግ ስላሰፉት፣ በስም ዝርዝር ውስጥ የሌለ ድርጅት እንኳ መሣሪያ ካነሣ «ደረጃ ሦስት» በሚባለው የሽብር ድርጅቶች ምድብ ሊገባ ይችላል። በዚህ የተነሣ ጥገኝነት ያስገኘው ታሪክ ራሱ ካርዱን ለዓመታት ሊያግደው ይችላል። ይህ ለእኔ ትልቅ በደል ነው፤ ሰውየው እውነቱን በመናገሩ ነውና የሚጉላላው።

ስለዚህ አስቀድመው የፋይልዎን ግልባጭ በመረጃ ነፃነት ሕጉ መሠረት ይጠይቁ፤ የጥገኝነት ቃልዎንም ደግመው ያንብቡ። ቤት ከቀየሩ በ10 ቀን ውስጥ አድራሻዎን ለኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ ማሳወቅ ግዴታ ነው። ቀጥሎ የምክር ቤት እንደራሴዎን ቢሮ ያነጋግሩ፤ መረጃዎ እንዲሰጣቸው መፍቀድዎን በፊርማ ካረጋገጡ ያለ ክፍያ ይጠይቁልዎታል። እኔ በስልክ ስጠይቅ ዘወትር «በሂደት ላይ ነው» ከመባል ያለፈ መልስ አላገኘሁም ነበር፤ የጀርባ ማጣሪያዬ እንዳላለቀ በጽሑፍ የተነገረኝ በእንደራሴዬ ቢሮ በኩል ነው።

ይህ ሁሉ ካልሠራ፣ መሥሪያ ቤቱ የዘገየውን ውሳኔ እንዲሰጥ ለማስገደድ የሚቀርብ ማንዳመስ የሚባል ክስ አለ። በፌዴራል ፍርድ ቤት የሚቀርብ ሲሆን የፍርድ ቤቱ ክፍያ 405 ዶላር ነው፤ የጠበቃው ከዚያ ብዙ እጥፍ ይሆናል። መንግሥት መልስ እንዲሰጥ 60 ቀን ይሰጠዋል፤ ብዙ ጊዜም ከመከራከር ይልቅ ፋይሉን መወሰን ይቀለዋል። የእኔም የተወሰነው እንዲሁ ነው። ነገር ግን ዳኛው መሥሪያ ቤቱን «ወስን» ሊለው እንጂ «ፍቀድ» ሊለው አይችልም። ፋይሉ ወረፋ ብቻ ከያዘው ክሱ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ፤ ከላይ የገለጽሁት ዓይነት ችግር ካለበት ግን የተጣደፈው ውሳኔ እምቢታ ሊሆን ይችላል። በዚያ ሁኔታ ከሽብር ክልከላው ነፃ ለማድረግ ሕጉ የሚሰጠውን ልዩ ፈቃድ የሚያውቅ ጠበቃ ያስፈልግዎታል። የጥገኝነት ቃልዎን ሳያነብ ክስ ላዘጋጅ ለሚልዎት ጠበቃ ገንዘብዎን አይስጡ።