ኮንዶሚኒየም ውስጥ ትል ስለማርባት ለጠየቅሽው

እህቴ፣ «3ኛ ፎቅ ነው የምኖረው፣ ግቢ የለኝም። ብዙ ሳላወጣ ቤት ውስጥ በትል ኮምፖስት መሥራት እችላለሁ? አይሸትም? ትሎቹስ እየወጡ ቤቱን አይሞሉትም?» ብለሽ ጠይቀሻል። ትችያለሽ፤ ትሎቹ የኩሽናውን ልጣጭ በልተው ለአትክልት የሚሆን ማዳበሪያ ያደርጉታል። እኔም ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው፤ ኩሽናዬ ጥግ ካስቀመጥኳቸው አራተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። በደንብ ከተያዘ የሚሸተው ዝናብ የነካው አፈር ብቻ ነው።

ዕቃ አትግዢ። ቢጫው የ20 ሊትር የዘይት ጄሪካን ይበቃል። በሳሙና በደንብ እጠቢው፣ አስተኚውና ከላይ የሚሆነውን ሰፊ ጎኑን በቢላ ቁረጪ። ሚስማር በእሳት አግለሽ ታቹንና ጎኑን ብሺው። ከሥሩ ዝርግ ሳህን አድርጊ፤ ከላይ በጆንያ ሸፍኚው። ባልዲ አልመክርሽም። ለዚህ የሚሆነው ቀይ ትል ነው፣ እሱ ደግሞ ከላይ ከላይ ነው የሚኖረው፤ ዕቃው ጠባብና ጥልቅ ከሆነ ታቹ አየር ያጥረውና ይበሰብሳል።

መኝታቸው ካርቶን ነው። የእንቁላል መያዣውም፣ የማያብረቀርቅ ጋዜጣም ይሆናል። በጣት ስፋት ቀዳደሽ ውሃ ውስጥ ንከሪውና ጭመቂው። አንድ እፍኝ አፈር ጨምሪበት። ትል የሚተነፍሰው በቆዳው ስለሆነ መድረቅ የለበትም፤ ግን ውሃም ከበዛበት አየር ያጣል። እፍኝ አንስተሽ ስትጨብጪው አንድ ሁለት ጠብታ ብቻ ከወጣ ልክ ነው።

ትሉን ከሚያረባ ሰው ለምኚ፤ እኔ ከአንድ ወዳጄ በጣሳ ነው የወሰድኩት። ሩብ ኪሎ ካገኘሽ ከበቂ በላይ ነው። ከጓሮ ቆፍረሽ የምታወጪው ግን አይሆንም፤ ያ አፈር ውስጥ ጠልቆ የሚኖር ሌላ ዓይነት ነው፣ ጄሪካን ውስጥ አይበረክትም።

አሁን ዋናውን ልንገርሽ። ትሎቹ የሚሞቱት በረሃብ ሳይሆን በጥጋብ ነው። የመጀመሪያዎቹ የሞቱብኝ በሁዳዴ ነው። የጎመኑን፣ የድንቹን፣ የካሮቱን ልጣጭ ሁሉ አንድ ላይ ጨመርኩ፤ የተረፈ እንጀራም አከልኩበት። በአራተኛው ቀን ጆንያውን ሳነሳ ትሎቹ ከሥሩ ተጠላልፈው ተንጠልጥለዋል። እጄን ሳስገባ ውስጡ ይሞቃል፤ የኮመጠጠ ሊጥ ይሸታል። ምግቡ መብላት ከሚችሉት በላይ ሆኖ እየፈላ ነበር። ጥቂቶቹን ብቻ ነው ያተረፍኩት። በጣም አዝኜ ነበር።

ስለዚህ በመጀመሪያው ወር በሳምንት ሁለት እፍኝ ብቻ ስጫቸው። በደቃቁ ከትፈሽ፣ በአንድ ጥግ ቅበሪውና በካርቶን አልብሺው። ያ ሳያልቅ ሌላ አትጨምሪ። በሚቀጥለው ጊዜ ሌላኛው ጥግ። ትንኝ የሚመጣው ምግቡ ገላጣ ሲሆን ነው። ትሎቹ የሚወጡትም ውስጡ ሲከፋባቸው ነው፤ ከተመቻቸው ብርሃን ስለሚሸሹ እዚያው ይቀመጣሉ።

ወጥ በፍጹም አይገባም፤ ዘይቱም ጨውም በርበሬውም ይጎዳቸዋል። ሥጋና ወተትም እንዲሁ። የኛ ቤት ልጣጭ ግማሹ ሽንኩርት ነው፤ እሱንና ነጭ ሽንኩርትን፣ ሎሚና ብርቱካንን ለይተሽ አስቀሪ። ሙዝ፣ ፓፓያ፣ ጎመን ይወዳሉ። ከበረካ በኋላ ጀበናው ውስጥ የሚቀረውን አተላ ቀዝቀዝ ሲል አጥልለሽ፣ በጥቂቱ ከካርቶን ጋር ስጫቸው። የእንቁላል ቅርፊት አድርቀሽ አድቅቀሽ በየሁለት ሳምንቱ አንድ ማንኪያ ነስንሽበት፤ ኮምጣጣነቱን ይቀንሳል።

ከሥሩ የሚንጠባጠብ ውሃ ከበዛ ደረቅ ካርቶን ጨምሪ።

ከሦስት አራት ወር በኋላ ጥቁርና ፍርፍር ያለ ነገር ታገኛለሽ። ላስቲክ ላይ ከምረሽ መብራት ሥር አስቀምጪው። ትሎቹ ወደ ታች ይሸሻሉ፤ አንቺ ከላይ ከላይ እየቀረፍሽ ውሰጂ። አንድ እጅ ከአራት እጅ አፈር ጋር ቀላቅለሽ በረንዳ ላይ ላለው በሶብላና ጎመን ስጪው። ስትቀርፊ ግን ዓይንሽን ጣል አድርጊበት። የሎሚ ቅርጽ ያላት፣ ከስንዴ ፍሬ የምታንስ ቢጫ ነገር ካየሽ የእንቁላላቸው ከረጢት ናት። ከአንዷ ሁለትም ሦስትም ትል ይፈለፈላል። ለቅመሽ ወደ ጄሪካኑ መልሻት።